ከአልፕስ አመዳይ እስከ ራይን መርከብ

ለልጆች ከሚሰጠው ትምህርት አንዱ ክፍል ከመጽሐፍ ይገኛል፤ ሌላው ክፍል ግን በእግርና በዓይን ካልሆነ በቀር አይገኝም። ወንዝ ከተራራ ይወርዳል ተብሎ የተነገረው ልጅ ቃሉን ያጠናል፤ ተራራውን በዓይኑ አይቶ፥ በረዶውን በእጁ ዳስሶ፥ ኋላም በዚያው ውሃ ላይ በመርከብ የተሳፈረ ልጅ ግን ነገሩን እስከ ሽምግልናው አይረሳውም። ስለዚህ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ሊሄዱበት የሚገባ አንድ መንገድ በዚህ ገጽ እንገልጻለን። መንገዱ በስዊስ አገር ካሉት ከአልፕስ ተራሮች ተነሥቶ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ላይ ይፈጸማል። ፊተኛው ክፍል በአውቶሞቢል፥ ኋለኛው በመርከብ ነው።

ወደ ነገሩ ሳንገባ ሁለት ነገር እናስታውቃለን። አንደኛ፥ በአገራችን በረዶ ሲባል ብዙ ጊዜ በክረምት ከዝናብ ጋራ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። በአልፕስ የሚወርደው ግን እንደ ባዘቶ ለስላሳ ሆኖ ያለ ድምፅ የሚያርፍ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አመዳይ እንለዋለን። ይኸው አመዳይ ለብዙ ዘመን ተደራርቦ፥ በራሱም ክብደት ተጨቁኖ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር የበረዶ ግግር ይባላል። ሁለተኛ፥ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጉዞውም ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። ከፍ ያሉት የተራራ መንገዶች በብርድ ወራት በአመዳይ ተዘግተው ይከርማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት በሜይና በጁን ነው። በራይን ላይ መንገደኛ የሚያመላልሱት መርከቦች ደግሞ ከፋሲካ ሰሞን እስከ ኦክቶበር ይሠራሉ። ስለዚህ አመዳዩንም ወንዙንም በአንድ ጉዞ ለማየት የሚሻለው የጁን ወር ነው። በዚያ ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተጠረገው አመዳይ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩም ውሃው እየቀለጠ በየቦዩ ሲወርድ ይሰማል።

የሰይጣን ድልድይ

ከሉሴርን ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ አውቶሞቢል የሮይስን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ጎሸነን ከምትባል መንደር ይደርሳል። ከዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ በ1980 ወደ ተከፈተው፥ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ዋሻ ይገባና ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኢጣልያ ወገን ይወጣል፤ ለቸኰለ ሰው የተሠራ ነው። ሁለተኛው ሽለነን በሚባል ጠባብ ገደል ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ አንደርማት ያወጣል። ለቤተሰብ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው።

የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ፥ በዚህ ገደል ላይ ድልድይ መሥራት ቢያቅታቸው ሰይጣን መጥቶ፦ «እኔ እሠራላችኋለሁ፤ ዋጋዬ ግን አስቀድሞ የሚሻገረው ነፍስ ነው» አላቸው። ድልድዩ ባለቀ ጊዜ ሰዎቹ መክረው በሰው ፈንታ አንድ ፍየል ነድተው አሻገሩ። ሰይጣኑም ተቈጥቶ ድልድዩን ሊያፈርስ ታላቅ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ፥ አንዲት አሮጊት በድንጋዩ ላይ የመስቀል ምልክት ስላደረገችበት ሊያነሣው ሳይችል ቀረ ይባላል። ድንጋዩ ዛሬም በጎሸነን አጠገብ ይታያል፤ የአውራ ጎዳናው ሥራ ቢደርስበት በ1977 በ127 ሜትር ፈቀቅ አደረጉት እንጂ አልሰበሩትም።

ተረቱ ልጆችን ያስቃል፤ እውነተኛው ታሪክ ግን ከተረቱ አያንስም። በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ ገደል ላይ ድልድይ ከተዘረጋ ወዲህ የጎታርድ ተራራ በሰሜንና በደቡብ አውሮፓ መካከል የንግድ በር ሆነ። በ1799 የሩሲያው የጦር አለቃ ሱቮሮቭ ከፈረንሳዮች ጋራ እየተዋጋ ሠራዊቱን በዚህ አሳልፏል። ዛሬ በገደሉ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለቱ ድልድዮች በ1830ና በ1958 የተሠሩ ናቸው። ከዚሁ ከጎሸነን የሚነሣው 15 ኪሎ ሜትር የባቡር ዋሻ ደግሞ በ1882 ሲከፈት፥ ወደ 200 የሚሆኑ ሠራተኞች በሥራው ላይ ሞተዋል፤ የሥራው ተቋራጭ ሉዊ ፋቭር ራሱ በ1879 በዋሻው ውስጥ ሳለ ሞተ። ልጆች በተቀመጡበት በምቾት የሚያልፉበት መንገድ በስንት ሰው ሕይወት እንደ ተከፈተ መስማታቸው መልካም ነው።

አራት ወንዞች ከአንድ ጉያ

አንደርማት በ1,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የተራራ ከተማ ናት። ካርታ ዘርግቶ ለልጆች ለማሳየት ከዚህች ከተማ የተሻለ ቦታ በጭንቅ ይገኛል፤ አራት ወንዞች በአካባቢዋ ካሉት ተራሮች ተነሥተው ወደ አራት ወገን ይሄዳሉና። ሮይስ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ሮን ወደ ምዕራብ ሄዶ በፈረንሳይ በኩል ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይገባል፤ ቲቺኖ ወደ ደቡብ ወርዶ ከኢጣልያው ከፖ ወንዝ ጋራ ይቀላቀላል፤ ራይን ግን ወደ ምሥራቅ ከሄደ በኋላ ወደ ሰሜን ታጥፎ እስከ ሰሜን ባሕር 1,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሮይስም በመጨረሻው በሌላ ወንዝ በኩል ከዚሁ ከራይን ይገባል።

ቤተሰቡ አንድ ቀን ትርፍ ካለው፥ ወደ ራይን ከመሄዱ በፊት ወደ ምዕራብ ወደ ፉርካ በር ይውጣ። በር ማለታችን የአገራችን ሰው ጣርማ በር እንደሚለው፥ መንገድ ከተራራ ወደ ተራራ የሚሻገርበት ቦታ ነው። ፉርካ 2,429 ሜትር ከፍታ አለው። ከበሩ ጥቂት ወረድ ሲሉ የሮን ወንዝ የሚወጣበት የበረዶ ግግር ይታያል። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በግግሩ ውስጥ ለጐብኚ የሚሆን ዋሻ በየዓመቱ ሲፈለፈል ኖሯል። በቅርቡ ዘመን ግን ሰዎቹ በዋሻው ዙሪያ ያለውን በረዶ በሙቀት ወራት በነጭ ብርድ ልብስ ሲሸፍኑት ቈይተዋል።

«በረዶ ደግሞ ይበርደዋልን?» ብሎ ልጅ ይጠይቅ ይሆናል። ብርድ ልብሱ ሰውን የሚያሞቀው የሰውነቱን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ነው፤ በረዶውን ደግሞ የሚጠብቀው የፀሓይን ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎ ነው። ነጭነቱም ብርሃኑን ይመልሰዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የዚህ ግግር ጫፍ ከታች ከሸለቆው ሜዳ ድረስ ይደርስ ነበረ፤ ዛሬ ከተራራው ላይ ሸሽቶ ከበታቹ ሐይቅ ትቶ ይታያል። የአየሩ ሙቀት ስለ ጨመረ በ2022 ብቻ የስዊስ አገር የበረዶ ግግሮች ከመላው መጠናቸው ከመቶ 6 እጅ፥ በ2023 ደግሞ ከመቶ 4 እጅ አጥተዋል። በሁለት ዓመት ከአሥር አንድ እጅ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ከራይን መርከብ ላይ ሳለን ይፈለጋልና።

የኦበርአልፕ በር

ወደ አንደርማት ተመልሶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ወደ ኦበርአልፕ በር ያደርሳል፤ ከፍታው 2,045 ሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ አጠገብ ጥርስ ባለው ሐዲድ እየተያዘ የሚወጣ ትንሽ ቀይ ባቡር ይሄዳል። ከበሩም ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር ይታያል፤ ይኸውም ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የባሕር ዳር የመብራት ግንብ ነው። ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የቆመበት ምክንያት፥ ራይን ወደ ሰሜን ባሕር በሚገባበት በሆላንድ ጠረፍ የነበረውን ግንብ አስመስለው ስለ ሠሩት ነው። አንድ ወንዝ ሲወለድና ሲሞት በአንድ ዓይነት መብራት እንዲታይ አሰቡ። የራይን መጀመሪያ የሚባለው የቶማ ሐይቅ ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በጁን መጀመሪያ ግን መንገዱ ገና በአመዳይ ስለሚሸፈን ሕፃናት ያሉት ሰው ከሩቁ ቢመለከት ይሻላል።

እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ ታላቅ ጥያቄ ያነሣል። የቶማ ሐይቅ ከፍታ 2,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባም ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዕለት ዕለት ከዚህ ከአመዳዩ በር ከፍ ብለን የምንኖር ስንሆን፥ ስለምን በእኛ ዘንድ አመዳይ አይከርምም? መልሱ ከከፍታው ሳይሆን ከፀሓይዋ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ ስላለች ፀሓይ ዓመቱን ሁሉ ከራስዋ በላይ ትመላለሳለች። እነዚህ ተራሮች ግን ከ46 ዲግሪ በላይ ርቀው ይገኛሉ፤ በዲሴምበር ወር እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሓይዋ ከአድማሱ ከ20 ዲግሪ ብዙ አታልፍም። በሰያፍ የሚመጣ ብርሃን አያሞቅምና፥ የወደቀው አመዳይ ሳይቀልጥ በላዩ ሌላ ይወድቅበታል። የእኛ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ አልፎ አልፎ ነጭ ቢለብስም የማይከርምለት በዚህ ምክንያት ነው።

ለተራራው መንገድ የሚያስፈልግ

አባት መኪናውን ሲነዳ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይውረድ፤ ፍሬኑ ሲግል መያዙን ይተዋልና በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ። በጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪናዎች ቢገናኙ ቈሞ የሚያሳልፈው የሚወርደው ነው። ሦስት ድምፅ ያለው የዜማ ጡሩንባ ከጥምዝምዙ በስተጀርባ ከተሰማ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ እየመጣ ነውና መንገድ ይለቀቅለት፤ ዜማው ሮሲኒ ስለ ዊልሄልም ቴል ከደረሰው ኦፔራ የተወሰደ ነው። በስዊስም በጀርመንም ሕግ፥ 12 ዓመት ያልሞላውና ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ ለልጆች በተሠራ ወንበር ላይ ታስሮ ይቀመጣል።

እናት ደግሞ በጁን ወር ነው ብላ የሱፍ ልብስ ከመያዝ አትቦዝን፤ ከታች በሸለቆው ሙቀት ሳለ ከበሩ ላይ ነፋሱ ይቈርጣል። አመዳይ የፀሓይን ብርሃን መልሶ ስለሚወረውር የልጆች ዓይን በጥቁር መነጽር ይጠበቅ። ጥምዝምዙ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ቀለል ያለ ምግብ በልቶ፥ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ሩቅ ይመልከት። በመንገድ ዳር የቆመው የአመዳይ ግንብ ለፎቶግራፍ ቢያምርም ሊናድ ስለሚችል ልጆች ከሥሩ አይጫወቱ።

ውሃውን ተከትሎ

ከኦበርአልፕ በታች ራይን ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ጅረት ነው። መንገዱ ከእርሱ ጋራ ወደ ዲሰንቲስ ይወርዳል፤ በዚያ ከ8ኛው መቶ ዓመት የተነሣ ታላቅ ገዳም አለ፤ ሕዝቡም ሮማንሽ የሚባለውን ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ይናገራል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ወንዙ ነጭ ገደል ውስጥ ይገባል። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በፍሊምስ አጠገብ ታላቅ ተራራ ተንዶ ሸለቆውን ደፍኖት ነበር፤ ራይን ግን ናዳውን በዘመን ብዛት ፍቆ መንገዱን አወጣ። ውሃ በትዕግሥት የሚሠራውን ሥራ ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ከኩር ከተማ አልፎ ራይን ከኮንስታንስ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ስዊስ፥ ጀርመንና ኦስትሪያ ይከቡታል። ወንዙ ከተራራ ያመጣውን ጭቃ በዚህ ጥሎ ጠርቶ ይወጣል። ከዚያም በሻፍሃውዘን አጠገብ 150 ሜትር ስፋትና 23 ሜትር ከፍታ ባለው ፏፏቴ ይወርዳል። በፏፏቴው ዘንድ አንድ ቁጥር ይታሰብ፦ በብርድ ወራት በየሴኮንዱ የሚያልፈው ውሃ በአማካይ 250 ሜትር ኩብ ሲሆን፥ በሙቀት ወራት 600 ይደርሳል። የአገሩ ሰው ዝናብ ሲያንስ ወንዙ ይጐድላል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ ነገር ግን በብርድ ወራት ከላይ የወደቀው አመዳይ እንደ ተቀመጠ እህል ቈይቶ በሚያስፈልግ ጊዜ ይወርዳል። ተራራው ጎተራ ነው።

በመርከቡ ላይ

ባዝል ከተማ ሲደርስ ራይን ታላላቅ የጭነት መርከቦችን ይሸከማል። ከዚያ በስተሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶሞቢል ተጉዞ ቢንገን ወይም ሩደስሃይም ሲደርስ፥ ቤተሰቡ መኪናውን ትቶ ከመርከብ ይግባ። ከዚህ እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚህ ሁሉ ርቀት አንድ ድልድይ የለም፤ ሰውና መኪና የሚሻገሩት በማሻገሪያ መርከብ ነው። በዳርቻው ቁጥር የተጻፈባቸው ታላላቅ ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ ከኮንስታንስ ድልድይ ጀምሮ ኪሎ ሜትሩን ይቈጥራሉ። ልጆች እነዚህን እያነበቡ የት እንዳሉ በካርታቸው ላይ ማግኘት ይችላሉ።

ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ጐተ የሚባለው ባለ መንኰራኵር መርከብ በ1913 የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ ኮረብታዎቹ እስከ ጫፋቸው ድረስ በእርከን ተሠርተው ወይን ተተክሎባቸዋል። ከእርከኑ በላይ ደግሞ አምባው ሁሉ የግንብ ፍራሽ ነው፤ በዚህ አጭር ሸለቆ ውስጥ ብቻ ወደ 40 የሚሆኑ ግንቦች አሉ። ምክንያቱ ቀረጥ ነው። በራይን የሚያልፍ ነጋዴ በየመኳንንቱ ኬላ ፊት ቈሞ ይከፍል ነበረ።

በቢንገን ፊት በደሴት ላይ የቆመው የአይጥ ግንብም አንዱ የኬላ መጠበቂያ ነበር። ተረቱ ግን ሌላ ነው፦ በረኀብ ዘመን ጎተራው ሞልቶ ሳለ ድኾችን በጋጣ ዘግቶ ያቃጠለ ሀቶ የሚባል ሊቀ ጳጳስ፥ አይጦች አሳደውት ወደዚህ ግንብ ቢሸሽ ወንዙን ዋኝተው በሉት ይባላል። እውነት ባይሆንም፥ ጎተራ የያዘ ሰው ምን እንደሚጠየቅ ሕዝቡ በተረት አስቀምጦታል።

ወደ ካውብ ሲደርሱ በወንዙ መካከል እንደ መርከብ ቅርጽ ያለው ፋልስግራፈንሽታይን ይታያል፤ የባቫርያው ንጉሥ ሉድቪግ በ1327 ገደማ ለቀረጥ የጀመረው ግንብ ነው። በ1814 መባቻ ሌሊት የፕሩስያው የጦር አለቃ ብሉኸር ናፖሊዮንን ለማሳደድ ሠራዊቱን በዚህ በኩል አሻግሯል። ከካውብ በታች ወንዙ ይጠብና 132 ሜትር ከፍ ያለው የሎረላይ ዐለት ይመጣል። በዐለቱ ላይ ተቀምጣ በዘፈንዋ መርከበኞችን ታስጠፋለች የተባለችውን ሴት በ1801 ብሬንታኖ፥ በ1824 ሃይነ በግጥም አሳውቀዋታል። አደጋው ግን ተረት አይደለም፤ በጃኑዋሪ 2011 ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ መርከብ በዚሁ አጠገብ ተገልብጦ ሁለት መርከበኞች ሞተዋል። ስለዚህ ሽቅብ ለሚመጡት መርከቦች ከፊታቸው የሚወርድ መርከብ እንዳለ በመብራት ምልክት ይነገራቸዋል።

የካውብ መለኪያ

በካውብ ዳርቻ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ አለ። ብዙ መንገደኛ ወደ ግንቡ እያየ ሳያስተውለው ያልፋል፤ የመርከብ ባለቤቶችና የፋብሪካ አለቆች ግን ቁጥሩን በየማለዳው ይመለከታሉ። በኦክቶበር 2018 መለኪያው 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ አሳየ። ይህ ማለት ወንዙ ይህን ያህል ብቻ ጥልቀት ነበረው ማለት አይደለም፤ መለኪያው የሚጀምረው ከመርከብ መንገዱ ወለል ከፍ ካለ ነጥብ ነውና የመንገዱ ጥልቀት ከዚያ አንድ ሜትር ያህል ይበልጣል። ቢሆንም መርከቦች ከሸክማቸው ከፊሉን ብቻ ጭነው ይሄዱ ጀመር፤ በጀርመን አንዳንድ ክፍል ቤንዚን ታጣ፤ ፋብሪካዎችም ሥራ ቀነሱ። በኦገስት 2022 ደግሞ ውሃው እንደ ገና እጅግ ጐደለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በራይን ልጆች ላይ ደረሰ።

እንግዲህ በፉርካ ያየነው ብርድ ልብስና በካውብ ያለው መለኪያ አንድ ነገር ይናገራሉ። የሮን ግግር ወደ ሌላ ባሕር ቢወርድም፥ በእርሱ ላይ የደረሰው ለራይን ውሃ በሚሰጡት በአጠገቡ ባሉ ግግሮችም ላይ ደርሷል። አመዳይ የዓመቱ ምርት ነው፤ የበረዶ ግግር ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ የአያት ጎተራ ነው። ዝናብ በጠፋበትና አመዳዩ ባለቀበት ሰሞን ወንዙን የሚደግፈው ይኸው ነው። ጎተራው በየዓመቱ ከተጋጠ፥ ክፉው ቀን ሲመጣ የሚቀዳ አይኖርም። በመርከብ ላይ ተቀምጦ ወይኑንና ግንቡን የሚያደንቅ ሰው የሚሸከመው ውሃ ከሩቅ ተራራ ላይ እየተመናመነ እንዳለ አያይም፤ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያየ ልጅ ግን ያውቀዋል።

መርከቡ በስተቀኝ ማርክስቡርግን ያሳልፋል፤ በዚህ ሸለቆ ካሉት የአምባ ግንቦች ከቶ ያልፈረሰው እርሱ ብቻ ነው። ከዚያም ሞዘል የሚባለው ወንዝ ከራይን በሚገናኝበት በኮብሌንዝ ይቆማል። የከተማይቱ ስምም ከላቲን ቃል የመጣ ሆኖ ትርጓሜው መገናኛ ማለት ነው። ወላጆች እዚህ ላይ ልጆቻቸውን ይጠይቁ፦ ይህ ውሃ ከየት መጣ? የሚመጣበትስ ቢደርቅ ማን ይጐዳል? ጥያቄው ለጀርመን ልጅ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። እኛም የብዙ ወንዞች ምንጭ በሆነ ደጋ የምንኖር ነን፤ አመዳይ ባይኖረንም የእኛ ጎተራ ደኑ፥ ሣሩና ውሃን የሚይዘው አፈር ነው። በታች ያለውን ወንዝ የሚያስተዳድር ሰው ወደ ላይ ማየት እንዳለበት፥ በላይ የሚኖረውም ወደ ታች ማሰብ እንዳለበት፥ ልጆች ሹመት ከመያዛቸው በፊት በጉዞ ቢማሩት ይበጃል።